ለተቆጣጣሪው የተቀመጠ ውሃ

ከአዋሳ መሃል ከተማ ተነስቶ በቱላ መንገድ ዳር የሚወርደው የውሃ ቧንቧ የሚያበቃው ታቢታ የምትጠብቀው ቦኖ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ በቆሎና እንሰት እንጂ ቧንቧ የለም። ውሃው ሊመጣ ሲል ቧንቧው አስቀድሞ ይተነፍሳል፤ ረጅም፣ የታፈነ ትንፋሽ። የተሰለፉት ሴቶች ያን ጊዜ "መጣ! መጣ!" እያሉ እንስራና ጄሪካናቸውን ያስጠጋሉ። ታቢታ ድምፁን ለምዳው አታውቅም። ውሃ ሳይሆን ሌላ ነገር፣ ከመሬት በታች መንገዱን በዳበሳ እየፈለገ የሚመጣ ነገር ይመስላት ነበር።

ሥራውን ያገኘችው ባሏን በማጣቷ ነው። ባሏ በሚሊሺያ ጥሪ ጊዜ ወደ ኦጋዴን ዘምቶ አልተመለሰም። ቀበሌው ለዘማች ቤተሰብ አንድ ነገር ማድረግ ነበረበትና የቦኖውን ቁልፍ ሰጣት። ጥሩ ጠባቂ ወጣት። ስሚንቶውን በአሸዋ ትፈትጋለች፤ እግሯን በቧንቧው ልትታጠብ የምትሞክረውን ታባርራለች፤ ሰልፍ የምታቋርጠውን፣ ነፍሰ ጡር ካልሆነች በቀር፣ ወደ ኋላ ትመልሳለች። ጸሎት ቤቷ ከታሸገ ወዲህ እሑድ እሑድ በየሰው ቤት ተደብቀው ከሚጸልዩት አንዷ መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሴቶቹ "ጴንጤዋ" ይሏታል፤ አንዳንዴ በፍቅር፣ አንዳንዴ በሌላ።

"ጴንጤዋ፣ እስቲ ጸልዪና ውሃው ቶሎ ይምጣ" ትላታለች ጎረቤቷ ሙሉጌጥ።

"ላንቺ ምላስ ብጸልይ ይሻላል፤ እሱ ነው እረፍት ያጣው።"

ይሳሳቃሉ። ሁለቱ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ አንዷ ስታስል ሌላዋ ትሰማለች።

ሸዋንግዛው የሚባለው ሳኒታሪያን፣ የውሃ ንጽህና ተቆጣጣሪ ማለት ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊይዝ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። ካኪ የለበሰ፣ ቀጭን፣ ብስክሌቱ ኋላ ላይ የእንጨት ሳጥን ያሰረ ሰው። ከሳጥኑ ጠባብ የብርጭቆ ቱቦ አወጣ፤ ከቧንቧው ውሃ ሞላበት፤ ከትንሽ ጠርሙስ መድኃኒት አንጠባጠበና ወደ ፀሐይ አነሳው።

"ቢጫ ከሆነ ከማጣሪያው የሚጨመረው ክሎሪን እዚህ ደርሷል ማለት ነው፤ ውሃው ይጠጣል" አላት። "እንዲህ ነጭ ሆኖ ከቀረ ግን ክሎሪኑን መንገድ ላይ የሆነ ነገር በልቶታል።"

"ምን ይበላዋል ጋሼ?"

"ቆሻሻ።"

ቱቦው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሸዋንግዛው አዘነ፤ ግን ደንብ ደንብ ነው አለና ቦኖውን አሳሸገው። ቧንቧው እስኪታጠብና ክሎሪኑ እስኪስተካከል ለጥቂት ቀን ነበር የታሰበው። የሚያጥበው ሰው በሌላ ሥራ ተጠምዶ ሰነበተና ለሳምንታት ተዘግቶ ቆየ። ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው ወደ ሐይቁ ወረዱ። ሙሉጌጥ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቶ ነበር። ዳገቱ ላይ ከነእንስራዋ ወደቀች። ልጁ ሞቶ ተወለደ። በጨርቅ ጠቅልላ የተቀበለችው ታቢታ ናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታቢታ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ቱቦ እንደገና ነጭ እንዳይሆን።

ቦኖው ከተከፈተ በኋላ ሸዋንግዛው በየጊዜው ይመጣ ጀመር። ግን ከላይ ያሉትን ቦኖዎች እያዳረሰ ሲወርድ ረፋዱ ያልፋል፤ እሱ ሲደርስ የጠዋቱ ውሃ ሄዶ ቧንቧው ደርቋል። በመጨረሻ አንድ ቡናማ ጠርሙስ ሰጣትና፣

"ጠዋት ውሃው ሲመጣ በዚህ ቅጂና ጥላ ውስጥ አስቀምጪልኝ" አላት። "ደንቡ እኔው ራሴ ከሚፈስ ውሃ እንድቀዳ ነው የሚያዘው። ግን ምን ላድርግ? እኔ ስመጣ ውሃሽ ይሄዳል።"

ታቢታ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀበለች።

ዘመኑ ሁሉ ነገር ለእንግዳ የሚዘጋጅበት ዘመን ነበር። ባለሥልጣን ሊያልፍ ነው ሲባል የመንገዱ ዳር ድንጋይ ኖራ ይቀባል፤ ለማኞች ተለቅመው ይወሰዳሉ፤ ባዶ የሆነው የቀበሌ ሱቅ መደርደሪያ ለአንድ ቀን በተውሶ ካርቶን ይሞላል። ማንም ይህን ውሸት ብሎ አይጠራውም፤ መዘጋጀት ነው። ታቢታም ዝግጅቱን እንደ ሌላው ሰው ታውቅበታለች። ውሃው በደህና ቀን ሲመጣ የሚሸተው የበረኪና ሽታ መሆኑንም አስተውላለች። ስለዚህ ጠርሙሱን ሞልታ፣ ልብስ ከምታነጣበት በረኪና በሣር ጫፍ አንድ ጠብታ ጣል አደረገችበት። ሰውዬው ቢጫ ማየት ነው የሚፈልገው፤ ቢጫ ያያል። ሳያየው ከቀረ ደግሞ ሴቶቹ ሐይቅ ይወርዳሉ። ክፋቱ አልታያትም፤ እንግዳ ሲመጣ የልጅን ፊት እንደ ማበስ ነው ያየችው።

ሸዋንግዛው ቱቦውን ወደ ፀሐይ ሲያነሳ ፊቱ በራ። "እንዲህ ነው እንጂ! የመጨረሻዋ ቦኖ ቀደመች!"

ወሬው ለቀበሌው ሊቀመንበር ለጓድ ኩማ ደረሰ። ኩማ ድምፁ ያለ ማጉያ አደባባይ የሚሞላ፣ ሲስቅ የፊት ወርቅ ጥርሱ የሚታይ ሰው ነው። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል በአካባቢው ለሚመጡ እንግዶች የሚታይ ነገር ሲፈልግ ነበርና ቦኖውን ቀይ አስቀባው፤ ግንባሩ ላይ ቢጫ ኮከብ አሣለበት።

"ጓድ ታቢታ፣ እንግዶቹ ሲመጡ ከዚህ ይጠጣሉ" አላት። "አንቺ ግን ኋላ ቁሚ፤ ደግሞ 'ሃሌ ሉያ' ብለሽ እንዳታዋርጂን።"

ሴቶቹ ሳቁ። ታቢታም ሳቀች፤ ኩማ ሲቀልድ አለመሳቅ አይቻልም ነበር።

ክረምቱ ገባ። መብራት በጠፋ ቁጥር ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም ቧንቧው ባዶውን ይቀራል። ተመልሶ ሲመጣ ትንፋሹ እየረዘመ ሄደ። አንድ ጠዋት የመጀመሪያው ውሃ ደፍርሶ ወጣ። ሌላ ጠዋት ሣር ይዞ መጣ፤ አጭር፣ የበሰበሰ ሣር። ታቢታ በጣቷ አንስታ አየችው። በብረት ቧንቧ ውስጥ ሣር አይበቅልም፤ የሆነ ቦታ ቧንቧው ተሰንጥቆ አፈሩ ገብቷል ማለት ነው። ከላይ፣ ቧንቧው በሚያልፍበት ቦይ አጠገብ፣ ለበዓሉ ሥራ ለመጡት ሠራተኞች መጸዳጃ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ዝናቡ ሲመታ ጉድጓዶቹ ሞልተው ወደ ቦዩ ይፈስሳሉ። ይህን መንገደኛ ሁሉ ያያል፤ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል።

የነጠላዋን ጫፍ የቧንቧው አፍ ላይ አስራ ውሃውን ታጠልለው ጀመር። የነጠላው ጫፍ ጠቆረ።

የመጀመሪያው ልጅ የሞተው ከመንገዱ ማዶ ነው። ቀጥሎ ሁለት ወንድማማቾች ታመሙ፤ ቀጥሎ አንዲት አሮጊት። ውሃ የመሰለ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ የሚሰምጥ ዓይን። ሰዉ ሁሉ የሚያስበው የበሽታ ስም ነበረው፤ የሚናገረው ግን አልነበረም። በዓሉ እየደረሰ ነበርና የዚያ በሽታ ስም መጠራቱ እንደ ጠላት ወሬ ይቆጠር ነበር። ሰልፉ ላይ ቀልዱ ቆመ። ሴቶቹ ይቀዳሉ፣ ይሄዳሉ።

ሸዋንግዛው ሲመጣ ፊቱ ተጨምድዶ ነበር። ቡናማውን ጠርሙስ ተቀብሎ ቱቦውን ሞላ። ታቢታ እጇ ለምዶ እንደ ወትሮው አድርጋበት ነበር። የቱቦው ውሃ ቢጫ ሆነ፤ የእንቁላል አስኳል መሰለ።

"ይገርማል" አለ፤ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። "ክሎሪን ከማጣሪያው እየራቀ ሲሄድ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ከላይ ያሉት ቦኖዎች ደብዛዛ ናቸው። የመጨረሻው ደግሞ..." ታቢታ መሬት መሬት አየች። እሱም የሳጥኑን ክዳን ዘጋ። "ያም ሆነ ይህ ውሃው አይደለም። እግዜር ይስጥሽ፤ ትልቅ ጭንቀት አቀለልሽልኝ።"

በማግስቱ ኩማ ሕዝቡን ሰብስቦ ውሃው ተመርምሮ ንጹህ ሆኖ መገኘቱን፣ ጠላት ዝንብ መሆኑን ተናገረ። በዝንብ ላይ ዘመቻ ታወጀ። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ እናቶችን አስቀምጣ ለታመመ ልጅ ውሃ በስኳርና በጨው በጥብጠው በብዛት እንዲያጠጡ አስተማረቻቸው። አንዷ ውሃውን ማፍላት ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቀች። ነርሷ ወደ ኩማ ዞር ብላ አየች።

"የሐይቅና የጉድጓድ ውሃ ይፈላል" አለች። "የቦኖው ውሃ ምርመራ አልፏል፤ እንዳለ ስጡ።"

ታቢታ ከኋላ ቆማ ነበር። "ምርመራ አልፏል" የሚለውን ሰማች። ምርመራውን ያለፈው በሣር ጫፍ የጣለችው ጠብታ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጠብታዋ ጠርሙሱ ውስጥ ቀርታ ነበር፤ አሁን ወጥታ በየቤቱ ልትገባ ነው።

ሙሉጌጥ ከሞተው ልጅ በኋላ ሌላ ወልዳ ነበር። በኃይሉ ትለዋለች፤ ገና መዳህ አልጀመረም። ታቢታ ስትገባ ሙሉጌጥ ልጇን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ በሳህን የበጠበጠችውን ውሃ በማንኪያ ታጠጣዋለች። ልጁ ያለቅሳል፤ እንባ ግን የለውም።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከትናንት ማታ። ግን እየጠጣልኝ ነው ታቢዬ፤ ነርሷ እንዳለችው ነው የማደርገው። ሳህኑን ጨርሷል፤ ይኸው ሁለተኛው።"

"አፍልተሽ ስጪው።"

"ምን? እንጨቱ ሁሉ ረጥቧል። ደግሞ ንጹህ ነው ተብሏል እኮ።"

"ለኔ ስትይ አፍዪው ሙሉዬ።"

ሙሉጌጥ ቀና ብላ አየቻት። በዓይኗ ሥር ጥቁር ወርዷል። "አንቺ ነሽ የምትቀጂው፤ ሰውዬው ነው የመረመረው፤ መንግሥት ነው ጠጡ ያለው። እኔ ከማን እበልጣለሁ? የምታውቂው ነገር ካለ ተናገሪ።"

ታቢታ ተነሳች። ወጥታ በቀጥታ ሸዋንግዛውን ፍለጋ ሄደች። ከላይኛው ቦኖ አጠገብ ብስክሌቱን ገልብጦ የወለቀ ሰንሰለት ሲመልስ አገኘችው፤ ሁሉንም ነገረችው። በረኪናውን፣ ሣሩን፣ የጠቆረውን ነጠላ። ስትናገር ሳለ የሰውዬው እጅ ሰንሰለቱ ላይ ቀስ እያለ ቆመ።

"ለማን ነግረሻል?"

"ለማንም።"

"እንግዲያው ለኔም አልነገርሽኝም።" ዙሪያውን ቃኘ። "ስሚኝ ታቢታ። ሰው ከሚጠጣው ውሃ አጠገብ ኬሚካል ይዛ ተገኘች ቢባል ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ? አሻጥር ነው የሚሉት። በሕዝብ ላይ የተሠራ አሻጥር። ጴንጤ መሆንሽ ደግሞ አለ። እኔንስ ቢሆን፣ 'ጠርሙሱን ለምን ለሷ ሰጠህ?' ሲሉኝ ምን እላለሁ? በዓሉ ይለፍ። ከበዓሉ በኋላ ራሴ ቀድቼ፣ ራሴ መርምሬ አዘጋዋለሁ።"

"በዓሉ እስኪያልፍ ሰዉ ይጠጣል?"

ወደ ሰንሰለቱ ጎንበስ አለ።

"ያኔ ደንብ ነው ብለው ዘጉት" አለች። "እኛ ስንለምንዎት አልሰሙንም። ዛሬስ ደንቡ የት ሄደ?"

"አትጩሂ እባክሽ" አላት። አልጮኸችም ነበር።

አሻጥር የሚለውን ቃል ታውቀዋለች። ቃሉ የተለጠፈበት ሰው ቤቱ ሲመለስ አይታ አታውቅም። ወደ ቦኖዋ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ይህን እያሰበች ሄደች። ስትደርስ የማታው ሰልፍ ተሠርቷል። ቧንቧው ከሥር መተንፈስ ጀምሯል።

ዋናውን መዝጊያ አጥብቃ ዘጋችውና ቁልፉን ቆለፈችበት።

"ምን ሆነሻል? ክፈቺ እንጂ!" አለች ከፊት ያለችው።

"አልከፍትም። ይህን ውሃ አትጠጡ። የቀዳችሁትንም ድፉት።"

"ንጹህ ነው ተብሎ!"

"ንጹህ ያስባለው በረኪና ነው። እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

ከዚያ በኋላ ያለችውን ማንም አልሰማትም። ጠርሙስ አለች፣ ተቆጣጣሪው አለች፤ ቃሏ በጩኸት ተዋጠ። "በረኪና ጨመርኩ አለች!" የሚለው ብቻ ከአፍ ወደ አፍ እየዘለለ ከሰልፉ ጫፍ ደረሰ፤ እዚያ ሲደርስ በረኪናው መርዝ ሆኗል። አንዷ ጄሪካኗን መሬት ላይ ጣለች። ሌላዋ ድንጋይ አነሳች።

ኩማ አንድ የታጠቀ የአብዮት ጥበቃ አስከትሎ መጣ፤ ሸዋንግዛውም ከኋላው ብስክሌቱን እየገፋ። ኩማ ሞኝ ሰው አይደለም። ሳኒታሪያኑን ወደ ጎን ስቦ አንድ ሁለት ቃል ጠየቀው፤ የሸዋንግዛውን ፊት አየ፤ ገባው። ወደ ታቢታ ተጠግቶ፣ ለሌላው በማይሰማ ድምፅ ተናገራት።

"ጠርሙሱ ውስጥ ነው ያደረግሽው፤ አይደል?"

"አዎ።"

"ቧንቧው ውስጥ አይደለም።"

"አይደለም።"

"ጥሩ። እኔም እንደሱ ነው የሰማሁት። እንግዲህ ስሚኝ። አሁን ለሕዝቡ ይህንኑ ትናገሪያለሽ። ስለ ጠርሙሱ ሳይሆን፣ ውሃው ውስጥ ምንም አልጨመርኩም፣ ውሃው ደህና ነው፣ አሞኝ ነው የቀባጠርኩት ትያለሽ። ቦኖውን ትከፍቻለሽ። በፊታቸው አንድ ጣሳ ትጠጪያለሽ። ቤትሽ ትገቢያለሽ። እንግዶቹ ሳይመጡ ይህ ሰልፍ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። እንቢ ካልሽ..." ወደ ጠብመንጃው በአገጩ አመለከተ። "እኔም ላድንሽ አልችልም።"

ከዚያ ዞር ብሎ ሙሉ ድምፁን ለቀቀው። "ዝምታ! ጓዶች፣ ዝምታ! ከራሷ አፍ ስሙ። ጓድ ታቢታ፣ ውሃው ውስጥ የጨመርሽው ነገር አለ?"

ሰዉ ጸጥ አለ። ታቢታ ወደ ሸዋንግዛው አየች። የብስክሌቱን እጀታ በሁለት እጁ እንደያዘ መንኮራኩሩን ይመለከታል። ኩማ የጠየቃት ጥያቄ እውነተኛ መልስ "የለም" ነበር። የለም ብትል እውነት ነው፤ ግን ቦኖው ይከፈታል፣ ጄሪካኖቹ ይሞላሉ፣ ከግድግዳዋ ማዶ ያለው ሳህን ለሦስተኛ ጊዜ ይበጠበጣል። ከልጅነቷ ጀምሮ በሐሰት እንዳትመሰክር ተምራለች፤ የተማረችውንም አጥብቃ የያዘች ሴት ነበረች።

"አለ" አለች።

የኩማ ፊት ተለወጠ። "ምን አልሽ?"

"ውሃው ውስጥ ጨምሬያለሁ። በቀዳችሁት ሁሉ ውስጥ አለበት። ማንም እንዳይጠጣው።"

ጩኸቱ የዚያን ጊዜ ፈነዳ። የመጀመሪያው ድንጋይ ትከሻዋን መታት። ኩማ የቦኖውን ቁልፍ ከእጇ ቀማት፤ ጠባቂው በጠብመንጃው ሰደፍ ሕዝቡን ከፈለና ወደፊት ገፋት። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሴቶች ከቤታቸው እየወጡ እንስራቸውን ይደፋሉ፤ የተቀመጠ ውሃ፣ የተጠለለ ውሃ፣ ለእግር የተባለ ውሃ ሳይቀር። ውሃው በጭቃው ላይ እየተገናኘ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ማንም ዓይኗን አላያትም፤ የሚተፉባት ብቻ ቀና አሉ።

ከሙሉጌጥ በር ላይ ሲደርሱ ሙሉጌጥ ልጇን አዝላ ወጣች። ወሬው ቀድሟታል። ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛለች።

"ልጄን!" አለች። ድምፅዋ ተሰነጠቀ። "በእጅሽ ሞቶ የተቀበልሽው አይበቃሽም? ልጄን!"

በሳህኑ ያለውን ውሃ ሁሉ ታቢታ ፊት ላይ ደፋችው። ስኳሩ ከንፈሯ ላይ ቀረ።

ታቢታ ፊቷን አልጠረገችም። ሙሉጌጥ ጀርባ ላይ ያለውን ልጅ አየችው፤ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ወድቋል፤ መተንፈሱ ከዚህ አይታይም። አቅፋ ልታየው ፈለገች። "እሳት አንድጂ" አለቻት፤ "ሌላ ቦታ አስቀጂና አፍልተሽ..."

"ሂጂ!" አላት ጠባቂው፤ ገፋት።

ሄደች። ዳገቱን ሲወጡ ከኋላዋ ኩማ ቁልፉን ለሌላ ሴት ሲሰጥና ክፈቺ ሲል ሰማች። ቦኖው ተከፈተ፤ ውሃው ስሚንቶው ላይ ሲወርድ ይሰማል። ዞር ብላ እንዳታይ ጠባቂው ከልክሏት ነበር፤ ግን ጆሮዋን ማንም አልከለከላትም። ሩቅ እስክትሆን ድረስ አዳመጠች። ውሃው ባዶ ስሚንቶ ላይ ይፈስሳል እንጂ አንድም እንስራ ሥሩ ሲቀመጥ አልሰማችም።